ቀን 1200 ካሎሪ፣ ማታ ዳቦና ቸኮሌት

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 34 ነው። ቁመቴ 1 ሜትር ከ60፣ ክብደቴ 78 ኪሎ። አዲስ አበባ ውስጥ ቢሮ ተቀምጬ ነው የምሠራው። ከሁለት ወር በፊት በስልኬ አፕ ካሎሪ መቁጠር ጀመርኩ፤ አፑ በቀን 1200 ብሎ ሰጠኝ። እንጀራ ሙሉ በሙሉ ትቻለሁ። ጠዋት ሎሚ በሙቅ ውሃ፣ ምሳ ሰላጣ፣ አንዳንዴ እንቁላል። እስከ 11 ሰዓት ድረስ ጎበዝ ነኝ። ቤት ስገባ ግን ዳቦ፣ ብስኩት፣ ቸኮሌት ካልበላሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ማታ የበላሁትን አፑ ላይ ለመጻፍ ደግሞ አፍራለሁ። መጀመሪያ 3 ኪሎ ቀንሼ ነበር፤ ሁለቱ ተመልሷል። ጓደኛዬ ‹ሰውነትሽ የጎደለው ነገር ቢኖር ነው የሚያምርሽ› ትለኛለች። በጾም ደግሞ እቀንሳለሁ ስል እጨምራለሁ። መቁጠሩን ልተወው ወይስ አምሮቴን የሚያጠፋልኝ ነገር አለ? የሥራ ባልደረባዬ የማቅጠኛ ሻይ ትሸጣለች፤ እሱስ?»

ምላሽ፦ የእርስዎ አምሮት በሽታ አይደለም፤ የፈቃድ ድክመትም አይደለም። በአብዛኛው የዚያው የ1200 ካሎሪ ልጅ ነው። ስለዚህ «አምሮቴን ምን ያጥፋልኝ» ከማለትዎ በፊት አምሮቱን በየቀኑ እየወለደ ያለውን ነገር እንይ።

ሂሳቡን ልሥራልዎት። ባለሙያዎች በብዛት የምንጠቀምበት ሚፍሊን የሚባል ቀመር አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። ክብደትን በ10 ያባዛል፣ ቁመትን በሴንቲ ሜትር ወስዶ በ6.25 ያባዛል፣ ሁለቱን ደምሮ ዕድሜን በ5 አባዝቶ ይቀንስና ለሴት ደግሞ 161 ይቀንሳል። በእርስዎ ቁጥር 780 ሲደመር 1000፣ ሲቀነስ 170፣ ሲቀነስ 161፤ ውጤቱ 1449 ነው። ይህ ሙሉ ቀን አልጋ ላይ ተኝተው ቢውሉ እንኳ ልብዎ፣ ሳንባዎ፣ ጉበትዎና አንጎልዎ የሚያቃጥሉት ነው። ቢሮ ተቀምጦ ለሚውል ሰው ይህን በ1.4 ያህል እናባዛለን፤ ወደ 2000 ካሎሪ ይመጣል። ክብደትዎ ባለበት የሚቆመው እዚያ አካባቢ ነው። አፑ የሰጠዎት 1200 ከዚህ በ800 ያንሳል፤ ተኝተው ቢውሉ ከሚያስፈልግዎትም በ250 ያንሳል። ይህን ለአንድ ሳምንት መቻል አይከብድም፤ ለሁለት ወር ግን ሰውነት ዝም ብሎ አያይም።

አሁን ማታውን እንጨምርበት። ሁለት ትንንሽ ዳቦ ወደ 250 ካሎሪ፣ አንድ ትንሽ ጥቅል ብስኩት ከ200 በላይ፣ 50 ግራም ቸኮሌት ወደ 270። ሲደመር ከ700 ያልፋል። ቀኑን በ1200 የዋለ ሰው ይህን ሲጨምርበት 1900 ደረሰ። ከ2000ው ጋር ያለውን ርቀት ይመልከቱ፤ ምንም ማለት አይደለም። የእርስዎ ሰውነት ክብደት አልቀንስም ብሎ አላመፀም፤ ምስጢር የሆነ «ቀርፋፋ ሜታቦሊዝም»ም (ካሎሪ በዝግታ የሚያቃጥል ሰውነት) የለዎትም። ቀኑን ሙሉ ተርበው፣ ማታ ደግሞ የራቡትን ያህል መልሰው እየበሉ ነው። ከሁሉም የሚያሳዝነው ረሃቡን በሙሉ ከፍለው ምንም አለማግኘትዎ ነው።

አፑ ላይ ለመጻፍ አፍራለሁ ያሉት ነገር ደግሞ የእርስዎ ብቻ እንዳይመስልዎት። እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ የኒው ዮርክ ጥናት ልክ እንደ እርስዎ «ከ1200 በታች እየበላን ክብደት አልቀንስ አለን» የሚሉ ሰዎችን ወስዶ የሚያቃጥሉትን በትክክል ለካ። ሜታቦሊዝማቸው ጤናማ ሆኖ ተገኘ። የሚበሉትን ግን በአማካይ በ47 በመቶ አሳንሰው ነበር የሚናገሩት፤ እንቅስቃሴያቸውን ደግሞ በ51 በመቶ አጋነው። ውሸታሞች ስለሆኑ አይደለም። የሰው ልጅ ቆሞ የጎረሰውን፣ ከልጁ ሳህን የቀመሰውን፣ ያፈረበትን አያስታውስም።

«መጀመሪያ 3 ኪሎ ቀነስኩ» ያሉትም ሦስት ኪሎ ስብ አልነበረም። ምግብ በድንገት ሲቀንስ በጉበትና በጡንቻ የተከማቸው ስኳር (ግላይኮጅን) ይወጣል፤ እያንዳንዱ ግራም ደግሞ ወደ 3 ግራም የሚጠጋ ውሃ ይዞ ነው የሚሄደው። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ሚዛን ፈጥኖ ይወርዳል፤ አንድ ምሽት ዳቦና ጨው ሲገባ ያው ውሃ ይመለሳል። የተመለሰው ሁለት ኪሎ በአብዛኛው ይኸው ሳይሆን አይቀርም። ወር አበባ ሊመጣ ሲል ደግሞ አንድ ኪሎ ገደማ ውሃ መያዝ የተለመደ ነው። በየጠዋቱ ሚዛን ላይ መውጣት ሰውን የሚያሳብደው ለዚህ ነው።

ወደ አምሮቱ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 በሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሴል ኪስ የተባለ ተመራማሪ 36 ጤናማ ወጣት ወንዶችን በፈቃዳቸው ለ24 ሳምንት ምግባቸውን ወደ ግማሽ አወረደባቸው፤ በቀን በአማካይ ወደ 1570 ካሎሪ። ልብ ይበሉ፣ ከእርስዎ 1200 ይበልጣል፤ በእርግጥ ወንዶች ናቸው፣ በየሳምንቱም ብዙ ኪሎ ሜትር ይራመዱ ነበር። ሩብ የሚጠጋ ክብደታቸውን አጡ። አስገራሚው ግን ጭንቅላታቸው ላይ የደረሰው ነው። ስለ ምግብ ብቻ ማሰብ፣ ስለ ምግብ ማለም፣ የምግብ አሠራር መጽሐፍ መሰብሰብ፣ ሳህን መላስ ጀመሩ። ምግብ ሲፈቀድላቸው ደግሞ ሆዳቸው ሞልቶም የማይጠግቡ ነበሩ። ከሙከራው በፊት ለምግብ ብዙም ግድ የሌላቸው ሰዎች ናቸው እነዚህ። አንጎል የምግብ እጥረት ሲያይ ሌላውን ሐሳብ ሁሉ ወደ ጎን ብሎ ምግብን ፊት ያመጣል። የእርስዎ የምሽት 1 ሰዓት ብስኩት ከዚህ የተለየ አይደለም።

ጓደኛዎ የምትለው፣ «ሰውነት የጎደለውን ይጠይቃል» የሚለው፣ ደስ የሚል አባባል ነው፤ በአብዛኛው ግን ትክክል አይደለም። ቸኮሌት ያማረው ሰው ማግኒዚየም ጎድሎት ቢሆን ኖሮ የዱባ ፍሬና ጎመንም ባማረው ነበር፤ እነሱም ማግኒዚየም አላቸው። ማታ ተነስቶ ጎመን ፍለጋ ማድቤት የገባ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። የሚያምረን ስኳር፣ ስብና ጨው በአንድ ላይ የተዋሃዱበት ነገር ነው፤ የሚያምረንም በለመድንበት ሰዓትና ቦታ ነው። አንድ እውነተኛ የተለየ ጉዳይ አለ፦ አፈር፣ ሸክላ፣ በረዶ ወይም ጥሬ ሩዝ የሚያምርዎት ከሆነ የብረት ማዕድን እጥረት ሊሆን ይችላል። ያኔ ደም መመርመር እንጂ አምሮቱን መታገል መፍትሔ አይሆንም።

ረሃብና አምሮትን ለመለየት እኔ ለታካሚዎቼ የምሰጠው ፈተና ቀላል ነው። ማታ እጅዎ ወደ ብስኩቱ ሲሄድ «አሁን ሽሮ በእንጀራ ቢቀርብልኝ እበላለሁ?» ብለው ራስዎን ይጠይቁ። አዎ ካሉ ርቦዎታል፤ ብስኩቱን ትተው ሽሮውን ይብሉ። «አይ፣ ቸኮሌት ብቻ ነው የምፈልገው» ካሉ አምሮት ነው፤ አምሮት ደግሞ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ሌላ ነገር ሲይዙ ብዙ ጊዜ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይበርዳል። ከነገሩኝ ተነስቼ ስገምት፣ ለሁለት ሳምንት ይህን ቢያደርጉ ከአምስቱ ምሽት በአራቱ መልስዎ «ሽሮውን እበላለሁ» ይሆናል።

ምግቡ ራሱም ድርሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ2019 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ተመራማሪ ኬቨን ሆልና ባልደረቦቹ 20 ሰዎችን ተቋሙ ውስጥ አስተኝተው ለሁለት ሳምንት በፋብሪካ የተቀነባበረ ምግብ፣ ለሌላ ሁለት ሳምንት ቤት እንደሚሠራ ያለ ምግብ አቀረቡላቸው። የቀረበው ካሎሪ፣ ስኳር፣ ስብና አሰር (ፋይበር) እኩል ነበር፤ የፈለጉትን ያህል እንዲበሉ ተተዉ። በፋብሪካው ምግብ ጊዜ በቀን ወደ 500 ካሎሪ የሚጠጋ ጨምረው በሉ። እርስዎ እንጀራን ከቤት አስወጥተው ብስኩትን ቤት ውስጥ ትተዋል። የትኛው መውጣት እንደነበረበት ልነግርዎት አያስፈልገኝም።

እንጀራ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ክብደት ልቀንስ የሚል ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚቀጣው እሱን ነውና። 100 ግራም የጤፍ እንጀራ ከ150 ካሎሪ ብዙም አይርቅም፤ ከክብደቱ ግማሽ በላይ ውሃ ስለሆነ ነው። 100 ግራም ነጭ ዳቦ ግን ወደ 260 ነው። እንጀራን በዳቦ የቀየረ ሰው ውሃውን አስወጥቶ ዱቄቱን ነው ያስቀረው። የጤፍ ዱቄት በ100 ግራም ወደ 13 ግራም ፕሮቲንና ወደ 8 ግራም አሰር አለው፤ ለእህል ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ እንጀራው ሳይሆን መጠኑ ነው። ምጣድ ሙሉ እንጀራ እንደ ቤቱ ከ300 እስከ 400 ግራም ይመዝናል፤ ስለዚህ አንዱ ብቻውን 500 ካሎሪ ገደማ ነው። ሁለተኛው ሲጨመር፣ ከዚያ ወጡን ያጠጣው የሥሩ እንጀራ ሲበላ፣ ምሳው ብቻ ከሺህ ያልፋል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ «ጤፍ ነው» ብሎ መጠኑን እንዳይረሳ፤ ጤፍም ቢሆን ወደ ስኳር ይለወጣል።

አፑ በእኛ ቤት የሚወድቀውም እዚህ ነው። እነዚህ አፖች የተሠሩት ከየራሱ ሳህን ለሚበላ ሰው ነው፤ 120 ግራም ዶሮ፣ 80 ግራም ሩዝ፣ አለቀ። አራት ሰው ከአንድ ትሪ ሲበላ የእርስዎ ድርሻ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ማን ያውቃል? ጉርሻ ስንት ግራም ነው? አንዱ አፕ ላይ «አንድ እንጀራ» ሲባል ምጣድ ሙሉውን፣ ሌላው ላይ ተጠቅልላ የምትቀርበውን ቁራጭ ሊሆን ይችላል። «ሽሮ» ብለው ሲጽፉም ዘይቱ አንድ ማንኪያ ይሁን አንድ ጭልፋ አፑ አያውቅም። የታሸገ ምግብ ላይ የተጻፈው ቁጥር እንኳ በአሜሪካ ሕግ እስከ 20 በመቶ ድረስ ቢሳሳት ይታለፋል። ስለዚህ 1200 እና 1350 መካከል ያለውን ልዩነት በስልክ እለካለሁ ማለት በእህል ሚዛን ወርቅ እንደ መመዘን ነው።

ይህ ማለት ግን ቁጥሩ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ካሎሪ እውነት ነው፤ ከሚያቃጥሉት አሳንሰው ሳይበሉ የሚቀንስ ስብ የለም፤ «ጤናማ ምግብ እስከሆነ የፈለግኩትን ያህል» የሚለውም ስህተት ነው። ለውዝ፣ አቮካዶ፣ ማር፣ ተልባ ሁሉም ጤናማ ናቸው፤ ሁሉም ደግሞ ካሎሪያቸው ከፍ ያለ ነው። 100 ግራም ለውዝ ከ550 ካሎሪ በላይ አለው፤ ቡና እየተጠጣ ለውዝ የበዛበት ቆሎ ሁለት ሦስት እፍኝ ሲበላ እራት ያህል ሊሆን ይችላል። በንፍሮ ቢቀይሩት ውሃ ስላለው ሆድን ይሞላል፣ ካሎሪው ግን በብዙ ያንሳል። ሎሚ በሙቅ ውሃ ግን ስብ አያቀልጥም፤ ሙቅ ውሃ ነው፣ ሎሚ አለበት፣ ይኸው ነው። ከወደዱት ይጠጡ፤ ቁርስ ብለው ግን አይጥሩት።

እና ምን ይለካ? እኔ ሦስት ነገር ብቻ እላለሁ፦ ዘይት፣ እንጀራ፣ ስኳር። ሌላውን በዓይን ይገምቱ። ከሦስቱ ትልቁ ዘይት ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ 120 ካሎሪ ነው፤ ንጥር ቅቤም ከዚያ ብዙ አያንስም። በየድስቱ ማንኪያ መቁጠር ከሰለቸዎት የጀሪካን ዘዴ አለ። አዲስ የ5 ሊትር ዘይት ሲከፍቱ ቀኑን በእስክሪብቶ ጀሪካኑ ላይ ይጻፉ። አምስት ሊትር ዘይት ወደ 41,000 ካሎሪ ነው። አራት ሰው ያለበት ቤት በ30 ቀን ከጨረሰው እያንዳንዱ ሰው በየቀኑ ወደ 340 ካሎሪ በዘይት ብቻ በላ ማለት ነው። በ20 ቀን ካለቀ ከ500 ያልፋል። አንድም ወጥ ሳይመዝኑ ቤትዎ የት እንዳለ ያውቃሉ። ከ30 ወደ 45 ቀን ሲያደርሱት ደግሞ በሰው በቀን ከ100 ካሎሪ በላይ ይቀንሳል፤ ማንም ሳይራብ፣ ማንም «ዳየት ላይ ነኝ» ሳይል። ቁሌቱን በትንሽ ዘይት ጀምሮ ሲያርር ውሃ ጠብ እያደረጉ ማብሰል ነው ዘዴው። እናቶቻችን ዘይት በተወደደ ጊዜ ሲያደርጉት የኖሩት ነው፤ እኔ ያመጣሁት ነገር የለም።

የጾሙ ነገርም መልሱ እዚሁ ዘይቱ ውስጥ ነው። የጾም ምግብ በራሱ አያወፍርም፤ ሽሮ፣ ምስር፣ አተር ክክ፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ጎመን፣ የትኛውም የሥነ ምግብ ባለሙያ የሚመኘው ዝርዝር ነው። የሚሆነው ግን ሌላ ነው። እስከ 9 ሰዓት ምንም አይቀመስም፤ ከዚያ በረሃብ ትሪ ይቀርባል፤ ሥጋና ቅቤ ስለሌለ ጣዕሙን ዘይት ይሸከማል፤ በመሐል ሳምቡሳ፣ ቦምቦሊኖ፣ ድንች ጥብስ ይመጣል፤ የጾም ኬክ ደግሞ ጾም ስለሆነ ኬክነቱ አልቀረም። እንቁላልና ወተት ሲወጣ ፕሮቲን ይወርዳል፤ ፕሮቲን ሲያንስ ደግሞ ጥጋብ አይቆይም። በሁዳዴ 55 ቀን እንዲህ ከተበላ መጨመር አያስደንቅም። ጾሙን የክብደት መቀነሻ አያድርጉት፤ ዓላማውም አይደለም። የሰዓቱን ነገር ከንስሐ አባትዎ ጋር፣ የዘይቱን ነገር ከእኔ ጋር ይነጋገሩ። በጾም ቀን የመጀመሪያው ጉርሻዎ ጥራጥሬ ይሁን፤ ቅቅል ሽምብራ፣ ባቄላ ወይም ወፍራም የምስር ወጥ። የተጠበሰው ነገር ከቀረበም ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ሌላው የሚዘነጋው እንቅልፍ ነው። «ካልበላሁ እንቅልፍ አይወስደኝም» ብለዋል፤ ተርበው ስለሚተኙ ነው። ግን በተቃራኒውም ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ከ6 ሰዓት ተኩል በታች የሚተኙ፣ ክብደት የበዛባቸውን ሰዎች እንቅልፋቸውን በአማካይ አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ እንዲጨምሩ አደረገ፤ ስለ ምግብ ምንም ሳይነገራቸው በቀን ወደ 270 ካሎሪ ቀንሰው በሉ። ያጣነው እንቅልፍ በማግስቱ በስኳር ይጠየቃል። እስከ 6 ሰዓት ሌሊት ስልክ ላይ የሚያመሹ ከሆነ ይህን ቀላል ነገር አድርገው አይዩት።

አማራጮችዎ እንግዲህ እነዚህ ናቸው። አንደኛው እንደጀመሩት ሁሉንም እየመዘኑ መቀጠል ነው፤ ለስፖርተኛና ለጥቂት ጠንቃቃ ሰው ይሆናል፤ ለእርስዎ ግን አሁን እፍረትና ድብቅነት እያስተማረዎት ስለሆነ አልመክረውም። ሁለተኛው ምንም ሳይቆጥሩ «በልክ መብላት» ነው፤ ጥሩ መድረሻ ነው፤ ግን ልኩን ሳይማሩት አይሆንም። ሦስተኛው መድኃኒት ነው። በአብዛኛው በመርፌ የሚሰጡት ሴማግሉታይድና መሰሎቹ በእርግጥ አምሮትንና ረሃብን ይቀንሳሉ። በሐኪም ትዕዛዝና ክትትል ብቻ የሚወሰዱ፣ ውድና ሲያቆሟቸው አብዛኛው ክብደት የሚመለስ ናቸው። ከሰውነትዎ መጠን አንጻር ሐኪም ሊያነሣልዎት ይችላል፤ እኔ ግን ቁርስ ከማይበላ ሰው ጋር ከመርፌ አልጀምርም።

የምመክርዎት ቁርጥ ያለ ነገር ይህ ነው። 1200ውን ዛሬ ይተዉ፤ ወደ 1600 ይውጡ። ከሚያቃጥሉት በ400 ስለሚያንስ በወር ከአንድ እስከ ሁለት ኪሎ ሊቀንስ ይችላል። ትንሽ መስሎ ይታይዎታል፤ ነገር ግን ባለፉት ሁለት ወራት ያገኙት የተጣራ ውጤት አንድ ኪሎ ነው፣ እሱንም በረሃብ። የደም ግፊትና የስኳር መጠን መሻሻል የሚጀምረው ደግሞ ከ5 እስከ 10 በመቶ ሲቀንስ ነው፤ በእርስዎ ከ4 እስከ 8 ኪሎ ማለት ነው። ቁርስ ይብሉ፦ ሁለት እንቁላል በትንሽ ዘይት ከአንድ ዳቦ ጋር፤ በጾም ቀን ሰዓቱ ሲደርስ ፉል ወይም ሽምብራ። ምሳ ከግማሽ ትንሽ የሚበልጥ እንጀራ በሽሮ ወይም በምስር፣ ጎመን ወይም ሰላጣ በጎን። እንጀራውን ቆርጠው ለብቻ ሳህን ላይ ያድርጉት፤ ሁለተኛ ጊዜ አይጨምሩ። ወጥ ቢጨምሩ ግድ የለም፣ በተለይ ጥራጥሬና ጎመን። ከዚያ ትልቁ ነገር ይመጣል፦ 10 ሰዓት ላይ፣ ከቢሮ ሳይወጡ፣ መክሰስ ይብሉ። አንድ ሙዝ ከአንድ ጭብጥ ቆሎ ጋር ወይም አንድ ብርጭቆ እርጎ። ባዶ ሆድ ይዘው ታክሲ ተሰልፈው፣ አንድ ሰዓት ቆይተው ቤት የሚገቡ ሰው ብስኩቱን አይችሉትም፤ እኔም አልችለውም። እራት ከምሳው አነስ ያለ፣ ሙቅና ፕሮቲን ያለው ይሁን።

ቸኮሌቱን አላስተውዎትም። ከእራት በኋላ ተቀምጠው፣ ሳህን ላይ አድርገው፣ 20 ግራም ይብሉ፤ ወደ 110 ካሎሪ ነው፣ ከ1600ው ውስጥም አስገብቼዋለሁ። የተፈቀደ ነገር ኃይሉ ይቀንሳል። ትልቁን ጥቅል ግን ቤት አያስገቡ፤ ትንሹን ይግዙ። የቡናና የሻይ ስኳር በአንድ የሻይ ማንኪያ ይቁም፤ በአቦል፣ በቶናና በበረካ ሦስት ሦስት ማንኪያ ከገባ 36 ግራም ስኳር ሆነ፤ ከአንድ ጠርሙስ ለስላሳ አይተናነስም። ዘይት፣ እንጀራና ስኳሩን ለሁለት ሳምንት ብቻ ይመዝግቡ፤ ማታ የበሉትን ጭምር፣ ለእኔም ለማንም ሳይሆን ለራስዎ። ከዚያ አፑን ያጥፉት፤ ዓይንዎ ተምሯል። ሚዛን በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት፣ ከሽንት ቤት መልስ፣ ሳይበሉ። የአራት ሳምንቱን አዝማሚያ እንጂ የአንዱን ቀን ቁጥር አይቁጠሩ። በስምንት ሳምንት ምንም ካልተንቀሳቀሰ ከእንጀራውና ከዘይቱ ተጨማሪ 150 ካሎሪ ያህል ይቀንሱ፤ ከ1400 በታች ግን ያለ ባለሙያ አይውረዱ። በቀን ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብለው ይራመዱ፤ የሚያቃጥሉት ከአንድ ማንኪያ ዘይት ብዙም ስለማይበልጥ ለክብደቱ ብለው ሳይሆን ለልብ፣ ለስሜትና ለእንቅልፍ ብለው። ጡንቻ እንዳይቀንስ ደግሞ በሳምንት ሁለት ቀን ቁጭ ብድግም ቢሆን ይሥሩ።

ሰው ቤት «በሞቴ» ሲባሉስ? የመጀመሪያውን ጉርሻ በሁለት እጅ ተቀብለው ይጉረሱ። አልበላም ማለት ክርክር ያስነሣል፤ ቀስ ብሎ መብላት ግን ማንም አያስተውለውም። ባዶ ሆድ ይዘው ድግስ አይሂዱ።

ይህ ምክር የማይሠራላቸው ሰዎች አሉ። ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ እናት ካሎሪ መቀነስ የለባትም። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ የስኳር ታካሚ መድኃኒቱ ሳይስተካከል ምግብ ቢቀንስ ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። ድካም፣ ብርድ አለመቻል፣ የሆድ ድርቀትና የወር አበባ መዛባት አብሮ ካለ የታይሮይድ ምርመራ ያድርጉ። የማታው መብላት ደግሞ በአጭር ጊዜ በጣም ብዙ፣ ማቆም በማይችሉበት ሁኔታ፣ በሳምንት አንዴና ከዚያ በላይ፣ ለሦስት ወር የቀጠለ ከሆነ ወይም ከበሉ በኋላ ለማስመለስ የሚፈልጉ ከሆነ ካሎሪ መቁጠር ጭራሽ ያቁሙና የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያነጋግሩ። ስም ያለው፣ ሕክምና ያለው ችግር ነው። የጻፉልኝ ያን ያህል አይመስልም፤ ማፈርና መደበቅ ግን ከምልክቶቹ አንዱ ስለሆነ ሳልጠቅሰው አላልፍም።

የማቅጠኛ ሻዩን አይግዙ። ብዙዎቹ ውስጣቸው ሰናመኪ ነው፤ ያስቀምጣል። ሰናመኪ የሚሠራው ትልቁ አንጀት ላይ ነው፤ ካሎሪው ግን ቀድሞ ትንሹ አንጀት ውስጥ ገብቷል። የሚወጣው ውሃና ፖታሲየም ነው፤ ሚዛኑ ይወርዳል፣ ስቡ እዚያው ነው። ፖታሲየም ሲወርድ ደግሞ ጡንቻ ይዝላል፣ የልብ ምት ይዛባል። ከዚህ የባሰም አለ፦ ሲቡትራሚን የተባለው የማቅጠኛ መድኃኒት ድንገተኛ የልብ ሕመምንና ስትሮክን በማስከተል ሥጋት እ.ኤ.አ. በ2010 ከአሜሪካና ከአውሮፓ ገበያ ወጥቷል፤ ዛሬም «የተፈጥሮ ቅጠል ነው» ተብለው በሚሸጡ ማቅጠኛዎች ውስጥ በተደጋጋሚ ይገኛል፤ ማሸጊያው ላይ አይጻፍም። ባልደረባዎ እንዳይቀየሙዎት «ሐኪም ከልክሎኛል» ይበሏቸው፤ እኔን ይጥቀሱ።